«መርፌው ለምን አልተሰጣቸውም?»፦ በደም ሥር መዘጋት ስለሚመጣ ስትሮክ ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም ቆላድባ አካባቢ ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደህና ሆነው ተኙ። ረቡዕ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲነሡ ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተኮላተፈ። ዘመድ አዝማድ መጋኛ ነው ብሎ ያ ቀን በጠበልና በእሽት አለፈ። ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጎንደር ሆስፒታል አደረስናቸው። ሲቲ ስካን ተነሥተው የደም ሥር መዘጋት ነው ተባለ። አስፒሪንና አቶርቫስታቲን (የደም ስብን የሚቀንስ ክኒን) ተጀመረላቸው፤ በኋላም የግፊት መድኃኒት ተጨምሮላቸው ወጡ። አሁን አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፤ በሰው ድጋፍ ይራመዳሉ። ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግን የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፣ በቱቦ የሚያወጡም አሉ፣ ለምን አልተደረገላቸውም ብሎ ቤተሰቡን አስጨንቆታል። ሁለት በሬ ሸጠን አዲስ አበባ ብንወስዳቸው መርፌውን ያገኙ ይሆን? የዘገየነው እኛ ነን ወይስ ሐኪሞቹ? መድኃኒቱስ እስከ መቼ ይወሰዳል? እኔም አስፒሪን ልጀምር ይሆን?»

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ከሁሉ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ በሬዎቹን ለዚህ ጉዳይ አይሽጡ። መርፌውም ሆነ በቱቦ የማውጣቱ ሕክምና በአምስተኛው ሳምንት የትም ቢሄዱ ለአባትዎ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ገንዘብ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ግን አለ፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። የአክስትዎ ልጅ የተናገረው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሕክምናው ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ከስንት ሰው ስንቱን እንደሚጠቅም ሳይነገር ሲቀር ቤተሰብን ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጥናቶቹን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እየፈተሽን እንያቸው።

የመርፌው ስም አልቴፕሌዝ ነው። ሰውነታችን የረጋን ደም የሚያሟሟበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ አልቴፕሌዝ ይህንኑ ሥርዓት አነሣሥቶ የተዘጋው የደም ሥር እንዲከፈት ያደርጋል። መርፌው በስትሮክ ሕክምና ቦታ ያገኘው በአሜሪካ ብሔራዊ የነርቭ ሕመሞችና የስትሮክ ተቋም መሪነት በ624 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 በታተመ ጥናት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታካሚዎቹ ሕመሙ በጀመራቸው በ3 ሰዓት ውስጥ በዕጣ ተመድበው ገሚሶቹ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ገሚሶቹ ማስመሰያውን ወሰዱ። ከሦስት ወር በኋላ ጉዳት ሳይኖርባቸው ወይም በጥቂት ምልክት ብቻ የተገኙት፣ በጥናቱ ሁለተኛ ክፍል፣ መርፌውን ከወሰዱት ከ100ው 39፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ከ100ው 26 ነበሩ። ዋጋውም አብሮ ይነገር፦ በአእምሮ ውስጥ ደም ፈስሶ ሁኔታቸው የከፋባቸው ታካሚዎች መርፌውን ከወሰዱት ከ100ው ከ6 በላይ ሲሆኑ፣ በማስመሰያው ወገን ከ100 አንድም አይሞሉም ነበር። እንዲህም ሆኖ በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት በመርፌው ወገን አልበዙም።

በ2008 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። ጥቅሙ ግን ቀነሰ፦ ከ100 ታካሚዎች በደህና ሁኔታ የተገኙት በመርፌው 52፣ በማስመሰያው 45 ነበሩ። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጥቅሙ የሚቀንሰው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ የደም ሥሩ ሲዘጋ መሐሉ ላይ ያለው የአእምሮ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞት፣ በዙሪያው ያለው ግን ከጎረቤት የደም ሥሮች በሚደርሰው ጥቂት ደም ሥራውን አቁሞ ለጥቂት ሰዓታት እንደሚቆይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጠወለገ ቡቃያ ውኃ ካገኘ ይመለሳል፤ የደረቀውን ግን ውኃ ቢያጥለቀልቁበት መሬቱን ከመሸርሸር በቀር የሚያመጣው የለም። በአእምሮም የሞተው ክፍል የደም ሥሮቹ ግድግዳ ስለሚላላ፣ ዘግይቶ የተሰጠ መርፌ ደም ወደ ማፍሰስ ያደላል።

አሁን የአባትዎን ሰዓት እንቁጠር። ሰው ተኝቶ ሳለ ስትሮክ ሲይዘው ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት አይደለም፤ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ነው። አባትዎ ደህና ሆነው የታዩት ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ረቡዕ 12 ሰዓት ላይ ሲነቁ በሐኪም ቆጠራ 9 ሰዓት አልፏቸዋል። ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ አንሥታችሁ በሩጫ ብታመጧቸው እንኳ፣ በሲቲ ስካን ብቻ የሚሠራ ሐኪም መርፌውን ሊሰጣቸው አይችልም ነበር። በእንቅልፍ ላይ ለያዛቸው ሰዎች መንገድ የከፈተ አንድ የአውሮፓ ጥናት በ2018 ታትሟል፤ እርሱም በኤምአርአይ አማካይነት ጉዳቱ ገና ትኩስ መሆኑ የታየላቸውን ብቻ መርጦ መርፌውን የሰጠ ሲሆን፣ ከ100 ታካሚዎች 53ቱ በደህና ሁኔታ ሲገኙ በማስመሰያው ግን 42 ያህሉ ነበሩ። ይህ ኤምአርአይ በድንገተኛ ክፍል በማንኛውም ሰዓት በሚነሣበት ቦታ የሚሆን ነው። እናም «የዘገየነው እኛ ነን ወይ» ላሉት፣ መርፌውን በተመለከተ ያለፈው ቀን ያሳጣችሁ ነገር የለም ብዬ በሙሉ ልብ እመልስልዎታለሁ። ሐኪሞቹም ያለፈበትን መርፌ ባለመስጠታቸው የሠሩት ትክክል ነው።

በቱቦ የማውጣቱን ሕክምና በተመለከተ ባጭሩ ላስረዳ። ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ እስከ አእምሮ ደም ሥር ተደርሶ የረጋው ደም ተስቦ ይወጣል። ጥቅሙን ያረጋገጠው በ2015 የታተመው ሚስተር ክሊን የተባለ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው፤ በ500 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩትን ከ100ው ከ19 ወደ 33 ገደማ ከፍ አድርጓል። በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ደግሞ በምስል ተመርጠው ገና ሊድን የሚችል የአእምሮ ክፍል ለታየላቸው ሰዎች፣ አንደኛው እስከ 16፣ ሌላኛው እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ሁሉም የሚመለከቱት ከትልልቆቹ የአእምሮ ደም ሥሮች አንዱ የተዘጋበትን ታካሚ ነው፤ ትልቁ ውጤት የታየውም በእነዚሁ ላይ ነው። አባትዎ ሆስፒታል የደረሱት ደህና ሆነው ከታዩ ከ41 ሰዓት በኋላ ስለነበር የዚህም በር ተዘግቶ ነበር።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ ተስፋ የምጥልበት ግን ሌላ ነው። አልቴፕሌዝ በመጀመሪያ ጥቂቱ በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ የቀረው በአንድ ሰዓት ውስጥ በመሣሪያ ተቆጣጥሮ የሚንጠባጠብ ሲሆን፣ ቴኔክቴፕሌዝ የተባለው ወንድሙ በአንድ ጊዜ መርፌ ያበቃል፤ በ2022 የታተመ የካናዳ ጥናት ከአልቴፕሌዝ እንደማያንስ አረጋግጧል። ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሲታሰብ፣ የትኛውም መርፌ ቢገባ መጀመሪያ መፍታት ያለብን የሰዓቱን ጉዳይ ነው፤ ከመተማ፣ ከጭልጋ ወይም ከደባርቅ ወዲያ የሚመጣ ታካሚ 4 ሰዓት ተኩሉን መንገድ ላይ እንዳይጨርሰው ማለቴ ነው።

አሁን አባትዎ ወዳገኙት ሕክምና እንምጣ፤ ቤተሰቡ «አስፒሪን ብቻ ሰጥተው ሸኟቸው» ብሎ አቅልሎ ያየው ይመስለኛልና። በ1997 ሁለት ግዙፍ ጥናቶች ታትመዋል፤ አንደኛው ዓለም አቀፍ፣ ሌላኛው የቻይና ሲሆን፣ በድምሩ 40,000 ያህል ታካሚዎች ሕመሙ በያዛቸው በ48 ሰዓት ውስጥ አስፒሪን ወስደዋል ወይም ሳይወስዱ ቀርተዋል። ውጤታቸው ሲደመር፣ አስፒሪን ከተሰጣቸው ከ1000 ሰዎች 9 ያህሉን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሞት ወይም ከሁለተኛ ስትሮክ አትርፏል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መርፌውን ለማግኘት ከሚታደሉት ጥቂቶች በተለየ አስፒሪን ለአብዛኛው ታካሚ ይሰጣል፤ በየትኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ዋጋውም የማንንም ኪስ አይጎዳ። አባትዎ በ41ኛው ሰዓት ደርሰው በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ሲጀመርላቸው በጥናቱ የሰዓት ወሰን ውስጥ ነበሩ። ሲቲ ስካኑን «ከተረጋገጠ በኋላ» ብዬ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቤት ውስጥ ስትሮክ ለያዘው ሰው ከመመርመሩ በፊት አስፒሪን መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ሕመሙ የደም መፍሰስ ከሆነ ይብስበታልና።

ሌላ ታካሚ አስፒሪንንና እንደ አስፒሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክሎፒዶግሬልን ሁለቱንም ሲሰጠው ለአባትዎ አንድ ብቻ የተሰጠው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። በ2013 ቻንስ የተባለው የቻይና ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ ለ21 ቀን መስጠት በሦስት ወር ውስጥ የሚመጣውን ስትሮክ ከ100 ሰው ከ12 ገደማ ወደ 8 ገደማ እንደሚቀንስ ያሳየው፣ ቀላል ስትሮክ ወይም ምልክቱ መጥቶ በራሱ የጠፋላቸው ሰዎች ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ነው። ግማሽ ጎን ሙሉ ለሙሉ ለተያዘበት ሰው በተጎዳው ሰፊ ክፍል ላይ ደም የመፍሰስ አደጋው ስለሚያይል እንዲያ አይደረግም።

የሆስፒታሉን ቆይታ በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ጥናት ልንገርዎ፤ እኔ በግሌ ለአገራችን ዎርዶች ከመርፌው ጥናቶች እኩል የማየው ነው። በ2011 የታተመው ይህ የአውስትራሊያ ጥናት ምንም አዲስ መድኃኒት አልሞከረም። በተወሰኑ የስትሮክ ክፍሎች ነርሶቹ ሦስት ነገሮችን በመመሪያ እንዲከታተሉ አደረገ፦ የሰውነት ሙቀት ከ37.5 ሲደርስ ፓራሲታሞል መስጠት፣ የደም ስኳርን መለካትና ከፍ ሲል ማረም፣ ታካሚው ከመብላቱና ከመጠጣቱ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተሽ። ከሦስት ወር በኋላ የሞቱ ወይም የሰው እጅ የሚጠብቁ ታካሚዎች፣ እንደ ወትሮው በተሠራባቸው ክፍሎች ከ100ው 58 ሲሆኑ መመሪያው በተተከለባቸው 42 ነበሩ።

የመዋጡ ጉዳይ በእኛ አገር እጅግ ያሳስበኛል። ታማሚ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ምንም አልቀመሱም ሲባል ከአንገታቸው ቀና አድርጎ በማንኪያ ያጎርሳል። ፍቅር ነው። ነገር ግን ስትሮክ የጉሮሮን ጡንቻ ባሰነፈበት ሰው ያ አጥሚት ወደ ሆድ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳትና የሳንባ ምች ይከተላል፤ ስትሮኩን ተሻግሮ በዚህ የሚሞት ብዙ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ታማሚውን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ይስጡና ይጠብቁ። ካሳለ፣ ድምፁ እርጥብ ሆኖ ከተንቆረቆረ ወይም ውኃው በአፉ ዳር ከፈሰሰ፣ በአፍ የሚሰጠው ሁሉ ይቁምና ነርስ ወይም ሐኪም ይጠራ። አባትዎ አሁንም ሲጠጡ የሚያሳልሳቸው ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያመልክቱ።

የግፊት መድኃኒቱ ለምን መጀመሪያ እንዳልተሰጠም ሳያስደነግጣችሁ አልቀረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያለው ግፊት የተጨነቀውን የአእምሮ ክፍል በደም ለመድረስ የሚሞክር ስለሆነ፣ መርፌውን ያልወሰደ ሰው ግፊት ከ220 በ120 ካላለፈ ወይም ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይታገሡታል። ከ4000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ የቻይና ጥናትም ግፊትን ወዲያው ማውረድ ሞትንም ሆነ ከባድ ጉዳትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

አሁን ግን ወቅቱ ተለውጧል። ከዚህ በኋላ የአባትዎ ዋና ጠላት ሁለተኛው ስትሮክ ነው፤ ለእርሱ መንገድ የሚጠርገው ደግሞ ከሁሉ በላይ የደም ግፊት ነው። በ2001 የታተመው ፕሮግረስ የተባለ ጥናት ስትሮክ የያዛቸውን 6105 ሰዎች ለ4 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ላይ ስትሮክ የተመለሰው ከ100ው 10፣ ማስመሰያ የወሰዱት ላይ 14 መሆኑን አሳየ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን በውስጡ ያለው ነው፦ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ የወሰዱት አደጋቸው በ43 በመቶ ሲቀንስ፣ አንዱን ብቻ የወሰዱት ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙም። ሐኪሙ ሁለተኛ ክኒን ሲጨምር «ለምን ያበዙባቸዋል» አይበሉ። ግቡ ብዙውን ጊዜ ከ130 በ80 በታች ነው። «እስከ መቼ» ላሉትም መልሱ ዕድሜ ልክ ነው። ግፊቱ ሲወርድ መድኃኒቱን ማቆም የተለመደ ነው፤ የወረደው ግን በመድኃኒቱ ስለሆነ ሲቆም ይመለሳል።

አንዱን በሬ መሸጥ ግድ ከሆነ እንኳ፣ ከዋጋው ጥቂቱ ለቤት የግፊት መለኪያ፣ የቀረው ለዓመታት መድኃኒት ይሁን። የሚለኩት በክንድ የሚታሰረው ይሁን እንጂ በእጅ አንጓ የሚታሰረው አይሁን። ከመለካታቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ ክንዳቸውን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ ሳያወሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። የሚለካውም ጤነኛው ክንድ ይሁን። ቁጥሩን በደብተር ይጻፉና በቀጠሮ ቀን ይዘው ይሂዱ።

ጾም ላይ መድኃኒት የማቋረጥ ነገር በየጊዜው የሚያጋጥመን ስለሆነ ሳላነሣው አላልፍም። አባትዎ ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት የሚወሰደውን ክኒን «ጾም ይገድፋል» ብለው ሊተዉት ይችላሉ። በ2022 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ21,000 በላይ ሰዎችን ገሚሱን ጠዋት ገሚሱን ማታ የግፊት መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ አድርጎ ከ5 ዓመት በላይ ሲከታተል፣ በልብ ሕመምና በስትሮክ መጠን ልዩነት አላገኘም። ትርጉሙ ለእኛ ግልጽ ነው፦ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የግፊት ክኒን ከ9 ሰዓት በኋላ ወይም ማታ ቢወሰድ ጥቅሙ አይጎድልም፤ አቶርቫስታቲንም እንዲሁ። አስፒሪን ደግሞ ከምግብ በኋላ ቢሆን ለጨጓራ ይሻላል። የማይፈቀደው ቀኑን መዝለል ነው። የስኳር መድኃኒት ካለ ግን ይህ አይሠራምና ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ ሰዓቱን አይቀይሩ። የመታመም ነገር ከሆነ የንስሐ አባታቸውም ያስተናግዷቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ጠበሉንም ክኒኑን ሳያቋርጡ ይጠመቁ።

አቶርቫስታቲንን በተመለከተ በ2006 የታተመ ጥናት በ5 ዓመት ውስጥ ስትሮክን ከ100 ሰው ከ13 ወደ 11 ገደማ መቀነሱን አሳይቷል፤ ይቀጥሉበት። ጎረቤት የሚያዝዘውን «የነርቭ ቫይታሚን» መርፌ ግን ገንዘብ አያውጡበት። ከ8000 በላይ የስትሮክ ታካሚዎች የቢ ቫይታሚኖችን ለዓመታት ወስደው የሁለተኛ ስትሮክና የልብ ሕመም መከላከያነቱ ሳይረጋገጥ ቀርቷል።

ገንዘብ የሚያስፈልገው ነገር አለ ያልኩት የልብ ምርመራ ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውና የልብ አልትራሳውንዱ አልተሠሩላቸው ከሆነ ያሠሩላቸው። የረጋው ደም ከልብ ተነሥቶ ወደ አእምሮ ሄዶ ከሆነ አስፒሪን አይበቃም። በአገራችን በልጅነት በቶንሲል ሳቢያ የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከአውሮፓ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ስትሮክን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። እንደ ዋርፋሪን ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ነገር ግን በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ያሉ ከ4500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምና ይህ የምት መዛባት ያለባቸውን ሰዎች አጥንቶ፣ ከአዲሱ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ በአሮጌው በዋርፋሪን ቤተሰብ መድኃኒት የታከሙት ያነሰ ሞት እንደታየባቸው፣ የደም መፍሰሱም እንዳልበዛባቸው አረጋገጠ። ተሳታፊዎቹ በአማካይ ገና 50 ዓመት የሞላቸው፣ ከ10ሩ 7ቱ ሴቶች ነበሩ፤ በእኛ ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፈው የምናያቸው እነዚህኑ መሰል ሰዎች ናቸው። «አዲሱ ይሻላል» የሚለውን ግምት እዚህ ላይ ጥናቱ አፍርሶታል። ዋርፋሪን ከታዘዘ የደም ማቅጠኛውን ልክ የሚያሳየውን አይኤንአር በቀጠሮው ማሠራት ግድ ነው። በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ጎመኑን መተው ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ማመጣጠን ነው የሚሻለው።

ስለ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር ብቻ። በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታካሚን ደጋግሞና በብርቱ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንዳባሰ አሳይቷል፤ አሁን ግን አምስተኛ ሳምንት ላይ ስለሆኑ ይህ አይመለከታችሁም፤ በየቀኑ ደጋግመው ይነሡ፣ ይራመዱ፣ በቀኝ እጃቸው ለመያዝ ይሞክሩ። ሲያነሷቸው የደከመውን እጅ ይዘው አይጎትቱ፤ ትከሻው ከመጋጠሚያው ይላቀቅና ለወራት የማይለቅ ሕመም ያስከትላል፤ ክንድዎን ከብብታቸው በታች አሳልፈው ከወገባቸው ደግፈው ያንሡ። ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ቤተሰብን አሠልጥኖ የማገገሚያ ሥራውን ቤት ውስጥ ማሠራት ውጤቱን ያሻሽል እንደሆነ ሕንድ ውስጥ በ1250 ታካሚዎች ተሞክሮ በ2017 ሲታተም ልዩነት አልተገኘም። የእኔ ንባብ፣ የቤተሰብ እጅ ዋጋ የለውም የሚል አይደለም፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን አይተካም የሚል ነውና ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ባለሙያ ያሳዩአቸው።

በመጨረሻ የራስዎን አስፒሪን በተመለከተ፦ አይጀምሩ። አባትዎን የሚጠቅማቸው ስትሮክ አንድ ጊዜ ስለያዛቸው ነው። ምንም የልብም የአእምሮም የደም ሥር ሕመም ያልነበረባቸውን ከ19,000 በላይ አረጋውያን ያጠናው በ2018 የታተመ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ጥናት፣ አስፒሪን የልብና የደም ሥር ሕመምን ይህ ነው በሚባል መጠን ሳይቀንስ ከባድ የደም መፍሰስን በዓመት ከ1000 ሰው ከ6 ገደማ ወደ 9 ገደማ እንዳበዛ አሳይቷል። በዚያ ፈንታ ለአባትዎ በሚገዙት መለኪያ እርስዎም፣ እናትዎም፣ የአባትዎ ወንድሞችና እኅቶችም ይለኩ። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተለክቶ ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጨውንም ይቀንሱ፤ ቡናም በጨው የምትጠጡ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከሰሜን ቻይና 600 መንደሮች በ2021 የተገኘው ውጤት፣ ከጨዉ አራተኛው እጅ በፖታሲየም በተተካበት ወገን ስትሮክ በ14 በመቶ መቀነሱን ያሳያል። ኩላሊቱ ለታመመ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም ያለበት ጨው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ለአባትዎ ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን ክኒን ዝርዝር ይዘው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።